ቁጥር እንዴት ይመነዘራል? አካፋይ፣ ብዜትና ብቸኛ ቁጥር በቡና ችግኝ

ባለፈው ክረምት ነው። የእህቴ ልጅ የሒሳብ ደብተሯን ይዛ መጣች። ስድስተኛ ክፍል ናት። «91 ብቸኛ ቁጥር ነው» ብላ ጽፋለች፣ ከ1ና ከራሱ በቀር በምንም አይካፈልም ማለቷ ነው። ለምን እንደዚያ እንዳለች ስጠይቃት «በ2 አይካፈልም፣ በ3 አይካፈልም፣ በ5ም አይካፈልም፣ በቃ አጎቴ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በሦስቱም አይካፈልም። መልሱ ግን ስህተት ነው።

ያን ሰሞን ጓሯችን ውስጥ ለተከላ የደረሱ የቡና ችግኞች በጥቁር ፕላስቲካቸው እንዳሉ ነበሩ። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ ነው ሥራ የሚሠራው። እንዳባራ ወጣንና «በይ 91 ችግኝ ቁጠሪ፣ ከዚያ እኩል እኩል መስመር አድርገሽ ደርድሪልኝ» አልኳት። ሁለት መስመር ሞከረች፣ አንድ ችግኝ ተረፈ። ሦስት መስመር፣ አሁንም አንድ። አራት መስመር ስትሠራ ሦስት ተረፈ። አምስትም ስድስትም አንድ አንድ አስተረፉ። ደክሟት ልትተወው ስትል ሰባት መስመር ሠራች። በእያንዳንዱ መስመር 13 ችግኝ ገባ፣ የተረፈም የለም። እጇ ጭቃ እንደሆነ ቆማ አየችው። «ታዲያ ብቸኛ አይደለማ!» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ትምህርት ለሰፈር ልጆች የማስረዳው እንደዚህ ነው። ትርጉም በማስሸምደድ አልጀምርም፣ በመደርደር ነው የምጀምረው። ልጅ የምታስጠኑ ከሆነ፣ ወይ ራሳችሁ ተማሪ ሆናችሁ ይህ ርዕስ ከተደበላለቀባችሁ፣ መንገዱን እንደሄድኩበት እነግራችኋለሁ። ችግኝ ባይኖር ባቄላም ሽምብራም ጥሬ ቡናም ይሠራል።

መጀመሪያ መደርደር

12 ፍሬ ባቄላ ውሰዱ። በስንት ዓይነት መንገድ ምንም ሳይተርፍ አራት ማዕዘን አድርጋችሁ መደርደር ትችላላችሁ? 1 በ12፣ 2 በ6፣ 3 በ4። አለቀ። እነዚህ ስድስት ቁጥሮች፣ ማለትም 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12፣ የ12 አካፋዮች ይባላሉ። አካፋይ ማለት ቁጥሩን ያለ ቀሪ የሚያካፍል ማለት ነው፣ ሌላ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም።

እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አንድ ነገር አሳዩአቸው። አካፋዮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚመጡት። 2ን ስታገኙ 6ን በነፃ አገኛችሁ ማለት ነው። ስለዚህ አካፋይ ስትፈልጉ ከ1 ጀምራችሁ ወደ ላይ ሂዱና ጥንዶቹ ሲገናኙ አቁሙ። 36ን ብንወስድ 1×36፣ 2×18፣ 3×12፣ 4×9፣ 6×6። ከ6 በኋላ ብትቀጥሉ 9×4 ይመጣል፣ እሱን ግን ቀድማችሁ ይዛችሁታል። ልጆች አካፋይ የሚረሱት ዝም ብለው ከመሃል ስለሚለቅሙ ነው። በጥንድ ከሠሩ አይረሱም። ደግሞ 36 ላይ 6 ያለ ጥንድ ብቻውን ስለቀረ አካፋዮቹ ዘጠኝ ሆኑ፣ ተጋማሽ ያልሆነ ቁጥር። ይህ የሚሆነው በራሱ ተባዝቶ የተገኘ ቁጥር ላይ ብቻ ነው፤ 4፣ 9፣ 16፣ 25 እያላችሁ ሞክሩት።

ብዜት የተገላቢጦሹ ነው። ሂርማታ ገበያ ስትሄዱ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ተደርድሮ ታያላችሁ። አንድ በርጩማ 3 እግር፣ ሁለት በርጩማ 6፣ ሦስት 9፣ አራት 12። እነዚህ የ3 ብዜቶች ናቸው። በርጩማ እስከጨመራችሁ ድረስ ብዜት አያልቅም። አካፋይ ግን ያልቃል። ልጆች ሁለቱን የሚያምታቱት ስማቸው ስለሚመሳሰል አይደለም፣ አቅጣጫቸው ስላልታያቸው ነው። አካፋይ ወደ ውስጥ ነው፣ ከቁጥሩ አይበልጥም። ብዜት ወደ ውጭ ነው፣ ከቁጥሩ አያንስም። ከዚህ የሚወጣው 0 ብቻ ነው፤ 3×0 ዜሮ ስለሆነ 0 የሁሉም ቁጥር ብዜት ነው። ምንም በርጩማ ከሌለ ምንም እግር የለም።

አሁን 13 ባቄላ ስጧቸው። ይደረድራሉ፣ ያፈርሳሉ፣ እንደገና ይደረድራሉ። አንድ ረጅም መስመር ካልሆነ በቀር ሌላ ቅርጽ እምቢ ይላል። እንግዲህ ብቸኛ ቁጥር ማለት ይኸው ነው፣ አንዳንዱ ፕራይም ይለዋል። ልክ ሁለት አካፋይ ብቻ ያለው፣ 1ና ራሱ። ሌሎቹን፣ ኮምፖዚት የሚባሉትን፣ እኔ ለልጆቹ «የሚመነዘሩ» ብዬ ነው የምጠራቸው።

1 ለምን ብቸኛ አይሆንም?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ልጅ የለም፣ ሲጠይቁም ደስ ይለኛል። እኔ ተማሪ ሳለሁ አንድ መምህር 1 ብቸኛ ቁጥር ነው ብለው አስተምረውን፣ ዓመታት እሱን ይዤ ኖሬያለሁ። በድሮ ዘመን 1ን ከብቸኞቹ ጋር የቆጠሩ ትልልቅ የሒሳብ ሰዎችም ነበሩ። ዛሬ ግን አይቆጠርም። አጭሩ መልስ 1 አንድ አካፋይ ብቻ ስላለው ነው፣ ትርጉሙ ደግሞ ሁለት ይጠይቃል።

ይህ መልስ ግን ልጅን አያጠግብም። ዋናው ምክንያት ሌላ ነው። ቁጥር እንደ ብር ይመነዘራል፣ ልዩነቱ ብር በመደመር ሲመነዘር ቁጥር በማባዛት መመንዘሩ ነው። መቶ ብርን በሃምሳም በአስርም በብዙ ዓይነት ልትመነዝሩት ትችላላችሁ። ቁጥር ግን ወደ ብቸኞቹ ሲመነዘር ዝርዝሩ አንድ ዓይነት ብቻ ነው። 12ን እኔ ከ2 ጀምሬ ብመነዝረው፣ እናንተ ከ3 ብትጀምሩ፣ ሁላችንም 2×2×3 ላይ እንደርሳለን። ከተቀመጡበት ቅደም ተከተል በቀር ልዩነት አይኖርም። 1 ብቸኛ ነው ካልን ግን 12 ማለት 1×2×2×3 ነው፣ 1×1×2×2×3ም ነው፣ ማለቂያ የለውም። ያ ሁሉ ውበት ይበላሻል። ስለዚህ 1 ለብቻው ይቀመጣል፣ ብቸኛም የሚመነዘርም አይደለም።

ሳያካፍሉ ማወቅ

ካልኩሌተር ከማንሳታችሁ በፊት የቁጥሩን መልክ ማንበብ ልመዱ። የመጨረሻው አሃዝ 0፣ 2፣ 4፣ 6 ወይም 8 ከሆነ በ2 ይካፈላል። 0 ወይም 5 ከሆነ በ5። በ4 ለመካፈሉ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች ብቻ እዩ፣ ምክንያቱም 100 ራሱ በ4 ይካፈላል። እነዚህን ልጆች ቶሎ ይይዟቸዋል።

የ3 ግን ሁሌም ይገርማቸዋል። አሃዞቹን ደምር፣ ድምሩ በ3 ከተካፈለ ቁጥሩም ይካፈላል። 741ን እንያት። 7 ሲደመር 4 ሲደመር 1 ይሆናል 12፣ 12 በ3 ይካፈላል፣ ስለዚህ 741 ይካፈላል። ለምን? ወደ ችግኝ እንመለስ። 100 ችግኝ ለሦስት ሰው ብታካፍሉ 99ኙ ይሄድና 1 ይተርፋል። ሰባት መቶ ካላችሁ ከእያንዳንዱ መቶ አንድ አንድ ተርፎ 7 ይሆናል። 10 ችግኝ ለሦስት ስታካፍሉም 1 ይተርፋል፣ አራት አስር ሲሆን 4። የመጨረሻዋ 1 እዚያው አለች። እንግዲህ የተረፉትን ስትሰበስቡ 7፣ 4 እና 1 ናቸው፣ አሃዞቹ ራሳቸው! በ9 ለመካፈልም ያው ዘዴ ይሠራል፣ 99ም 9ም በ9 ስለሚካፈሉ። ይህን አንድ ጊዜ በእጁ የሠራ ልጅ ደንቡን ለመሸምደድ አይቸገርም።

ለ7 ትንሽ ጠመዝማዛ ናት፣ ግን ትጠቅማለች። የመጨረሻውን አሃዝ እጥፍ አድርጉና ከቀረው ላይ ቀንሱ። 91 ላይ የመጨረሻው 1 ነው፣ እጥፉ 2፣ ከ9 ሲቀነስ 7። 7 በ7 ስለሚካፈል 91ም ይካፈላል። ለ11 ደግሞ አሃዞቹን አንዴ እየደመራችሁ አንዴ እየቀነሳችሁ ሂዱ፤ ውጤቱ 0 ወይም የ11 ብዜት ከሆነ ይካፈላል። 253 ላይ 2 ሲቀነስ 5 ሲደመር 3 ዜሮ ነው፣ እናም 253 ማለት 11×23 ነው።

ከመልኮ የመጡ ቁጥሮች

ጅማ ሆኖ ይህን ትምህርት ማስተማር ምን ይጠቅማል ብትሉኝ፣ ቡናችን ራሱ ስሙ ቁጥር ነው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ዝርያዎች ስማቸው 741፣ 754፣ 7487፣ 74110፣ 74112 እያለ ይሄዳል። የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን የገባው በፈረንጆቹ 1971 ነው። በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎች ከጫካውና ከገበሬው ማሳ ተፈልገው ተመረጡ፣ ከፊት ያለው 74 ወይም 75 የተመረጡበትን ዓመት ነው የሚያሳየው። ገበሬው በቃሉ ይጠራቸዋል። እኔ ደግሞ ለልጆች የማስመነዝራቸው እነዚህን ነው፣ ቁጥሩ ከሚያውቁት ዛፍ ጋር ሲያያዝ ልባቸው ይከፈታል።

ከ741 እንጀምር። በ3 እንደሚካፈል አይተናል፣ 3×247 ነው። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ያቆማል፣ ምክንያቱም 247 ብቸኛ ይመስላል። በ2 አይካፈልም፣ በ3 አይካፈልም፣ በ5፣ በ7፣ በ11 እምቢ ይላል። አትቁሙ። 13 ላይ ይከፈታል፣ 13×19። ስለዚህ 741 ማለት 3×13×19 ነው።

አሁን ጎረቤታሞቹን 74110ና 74112ን አስተያዩ። በመልክ መንታ ናቸው፣ ሲመነዘሩ ግን አይገናኙም። 74110 ማለት 2×5×7411 ሲሆን 7411 ራሱ ብቸኛ ነው። አካፋዮቹ ስምንት ብቻ ናቸው። 74112ን ግን በ2 ማካፈል ስትጀምሩ ማቆሚያ የለውም። 37056፣ 18528፣ 9264፣ 4632፣ 2316፣ 1158፣ 579። ሰባት ጊዜ! 579 ደግሞ 3×193 ነው። እንግዲህ 74112 ውስጥ ሰባት 2፣ አንድ 3 እና አንድ 193 አሉ።

አካፋዮቹን አንድ በአንድ ሳትዘረዝሩ ስንት እንደሆኑ ማወቅ ትችላላችሁ። አንድ አካፋይ ስትሠሩ ከሰባቱ 2ዎች ምንም አለመውሰድ፣ አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ሰባት መውሰድ ትችላላችሁ፣ ስምንት ምርጫ ነው። ከ3 መውሰድ ወይም መተው፣ ሁለት ምርጫ። ከ193ም ሁለት። 8×2×2 ይሆናል 32። በሁለት ብቻ የሚለያዩ ቁጥሮች፣ አንዱ 8 አካፋይ ሌላው 32። ቁጥር በመጠኑ አይታወቅም የምለው ለዚህ ነው፣ ሲመነዘር ነው ጠባዩ የሚወጣው።

ሌላ ከእርሻ የመጣ ምሳሌ ልጨምር። ቡና በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ሄክታር 2500 ችግኝ ይይዛል፣ 50 መስመር በእያንዳንዱ 50። 2500 ሲመነዘር 2×2×5×5×5×5 ነው። ከ2ዎቹ ሦስት ምርጫ፣ ከ5ዎቹ አምስት ምርጫ፣ 15 አካፋይ። ዘርዝራችሁ አረጋግጡት፣ 50 ብቻውን መሃል ላይ ቀርቶ ታገኙታላችሁ።

ብቸኛ መሆኑን እንዴት አረጋግጣለሁ?

ይህ ነው ልቤ ያለበት ክፍል፣ ልጆች በብዛት የሚሳሳቱትም እዚህ ነው። አንድ ቁጥር ብቸኛ ነው ለማለት «ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ» አይበቃም። የት ድረስ ሞከርክ? የት ላይ ማቆም እንዳለብህስ በምን አወቅህ?

መልሱ ጥንዶቹ ውስጥ አለ። አንድ ቁጥር የሚመነዘር ከሆነ የሁለት ቁጥሮች ብዜት ነው። ሁለቱም ትልልቅ ሊሆኑ አይችሉም፣ ከሆኑ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፋል። ለምሳሌ 91 ላይ 10×10 መቶ ነው፣ አልፏል። ስለዚህ 91 ከ1ና ከራሱ ሌላ አካፋይ ካለው አንዱ ከ10 በታች መሆን አለበት። ከ10 በታች ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች 2፣ 3፣ 5 እና 7 ብቻ ናቸው። አራት ሙከራ፣ አለቀ። የእህቴ ልጅ ሦስት ሞክራ አንዷን ተወች፣ የቀረችው አንዷ ነበረች መልሷ። በትልልቆቹ ክፍል ይህን የስኩዌር ሩት ደንብ ይሉታል፤ ስሙን ለማያውቅ ልጅ «በራሱ ተባዝቶ ቁጥሩን እስኪያልፍ ድረስ ሞክር» በሉት፣ ይገባዋል። በ4፣ በ6፣ በ9 መሞከርም አያስፈልግም፣ በ2 ያልተካፈለ በ4 አይካፈልም።

7487ን አብረን እንፈትን። 86×86 7396 ነው፣ 87×87 ደግሞ 7569፣ አልፏል። ስለዚህ እስከ 86 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ነው፣ 23 ናቸው። ብዙ ይመስላል፣ ግን አንድ ስኒ ቡና እየጠጣችሁ ትጨርሱታላችሁ። መጨረሻው 7 ስለሆነ 2ና 5 ወጡ። አሃዞቹ ሲደመሩ 26፣ ስለዚህ 3 ወጣ። በ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፣ በ11 ደግሞ 7። በ13 ሲካፈል 12 ይቀራል። በ19 ስታካፍሉ 1 ብቻ ይተርፋል፣ ለጥቂት! በ29 አምስት፣ በ59 ሃምሳ ሦስት። ሌሎቹንም በመካከል እየሞከራችሁ 83 ላይ ስትደርሱ ቀሪው 17 ነው። አለቀ፣ ከዚህ በላይ መሞከር አያስፈልግም። 7487 ብቸኛ ቁጥር ነው። ማሳ ውስጥ 7487 የተተከለበትን መስመር ሳይ ይህ ነገር ሁሌ ትዝ ይለኛል።

ወንፊቱ

እስከ 86 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ከየት አመጣኋቸው? አበጠርኳቸው። የዛሬ 2200 ዓመት ገደማ በግብፅ እስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴንስ፣ የምድርን ዙሪያ በጥላ የለካው ሰው፣ የፈለሰፈው ዘዴ ነው። ስሙም የኤራቶስቴንስ ወንፊት ነው፣ ለእኛ ስም ማውጣት እንኳ አላስፈለገንም፣ ወንፊት የሌለበት ቤት የለም።

ከ2 እስከ 100 በአስር በአስር መስመር ጻፉ። 2ን ክበቡና ብዜቶቹን በሙሉ ሰርዙ፣ 4፣ 6፣ 8 እያላችሁ። ከዚያ ያልተሰረዘው ቀጣይ 3 ነው፣ ክበቡት፣ ብዜቶቹን ሰርዙ፣ ከ9 ጀምሩ ምክንያቱም 6 አስቀድሞ ሄዷል። 5ን ክበቡ፣ ከ25 ጀምራችሁ ሰርዙ። 7ን ክበቡ፣ ከ49 ጀምሩ። ቀጣዩ 11 ነው፣ 11×11 ግን 121 ነው፣ ከገጻችን ወጥቷል። አቁሙ። ወንፊቱ ላይ የቀሩት 25 ናቸው፦ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23፣ 29፣ 31፣ 37፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53፣ 59፣ 61፣ 67፣ 71፣ 73፣ 79፣ 83፣ 89፣ 97።

ይህን ገጽ ልጁ በራሱ እጅ ይሥራው። የታተመ ሰንጠረዥ አትስጡት። ሲሠራው ብቻ ነው 51 የ17 ቤተሰብ መሆኑን፣ 57 ማለት 3×19 መሆኑን፣ 87 ደግሞ 3×29 መሆኑን የሚያየው። እነዚህና 91 ብቸኛ መስለው የሚያታልሉ ናቸው። ከ100 በላይ 119፣ 133፣ 143 እና 221ን ተጠንቀቁ፣ ሁሉም የሚመነዘሩ ናቸው።

የጋራ የሆኑት

ትልቁ የጋራ አካፋይና ትንሹ የጋራ ብዜት ፈተና ላይ የማይቀሩ ናቸው። ልጆች የሚቸገሩት ስሌቱ ላይ ሳይሆን የትኛው ተጠየቀ የሚለው ላይ ነው። እኔ የምላቸው ይህ ነው፦ ያለህን ነገር እኩል ልትከፋፍል ከሆነ አካፋይ ነው የምትፈልገው፣ ሁለት የሚደጋገሙ ነገሮች የት ላይ እንደሚገናኙ ከጠየቁህ ግን ብዜት ነው።

60 የአቮካዶና 84 የቡና ችግኝ አለን እንበል። ለጎረቤቶች ምንም ሳይተርፍ፣ ለሁሉም እኩል እንዲደርስ ማካፈል እንፈልጋለን። ቢበዛ ለስንት ቤት ይበቃል? 60 ማለት 2×2×3×5፣ 84 ማለት 2×2×3×7። የሚጋሩት 2×2×3 ነው፣ 12። ለ12 ቤት፣ ለእያንዳንዱ 5 አቮካዶና 7 ቡና።

ለትንሹ የጋራ ብዜት ደግሞ የቡና ነጋዴ ያለበት ቤት ይህን ያውቃል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ለውጭ ገበያ የሚሄድ ጆንያ ደግሞ 60 ኪሎ። በፈረሱላ የተመዘነ ቡና በጆንያ ሲሞላ ፍሬ ሳይተርፍ የሚገጥመው መቼ ነው? 17 ብቸኛ ቁጥር ነው፣ 60 ውስጥም የለም። የሚጋሩት ነገር ስለሌለ ዝም ብሎ ማባዛት ነው፣ 1020 ኪሎ። 60 ፈረሱላ ልክ 17 ጆንያ ይሞላል፣ ከዚያ በታች አይገጥምም።

የባሕረ ሐሳብ ሰዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ ሠርተውበታል። ወንጌላውያኑ በ4 ዓመት፣ ዕለታቱ በ7፣ የጨረቃው ዑደት በ19 ዓመት ይዞራል። 4ና 7 በ28 ዓመት ይገናኛሉ፣ ዐውደ ፀሐይ የሚባለው ነው። 4ና 19 በ76፣ እሱ ዐውደ ማኅተም ነው። ሦስቱም አንድ ላይ የሚገናኙት በ532 ዓመት ነው፣ ዐውደ ቀመር። 4×7×19 አባዙት። ይህን ለልጆች ሳሳያቸው ሒሳብ ከውጭ የመጣ ዕቃ እንዳልሆነ ይገባቸዋል።

ቁጥሮቹ ትልልቅ ሆነው መመንዘር ሲያስቸግር ደግሞ የጥንቱን የግሪክ የሒሳብ ሊቅ የዩክሊድን ዘዴ ተጠቀሙ፦ ትንሹን ከትልቁ ቀንስ፣ በልዩነቱ ቀጥል። 741ና 754ን ስጧቸው። 754 ሲቀነስ 741 ይሆናል 13። 741 በ13 ይካፈላል? አዎ፣ 57 ጊዜ። አለቀ፣ ትልቁ የጋራ አካፋይ 13 ነው። ምንም ሳንመነዝር! ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ሁለቱንም የሚያካፍል ቁጥር ልዩነታቸውንም ያካፍላል።

ብቸኛ ቁጥር ያልቃል ወይ?

አያልቅም። ያረጋገጠውም ይኸው ዩክሊድ ነው። ብቸኛ ቁጥሮች 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ብቻ ናቸው ብትሉኝ፣ ሁሉንም አባዝቼ 1 እጨምራለሁ፣ 30031። ይህ ቁጥር በስድስቱም ስታካፍሉት ሁልጊዜ 1 ይተርፋል። ስለዚህ ወይ ራሱ ብቸኛ ነው፣ ወይ እናንተ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ብቸኛ አካፋይ አለው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «30031 ብቸኛ ነው» ብሎ ይሳሳታል፣ አይደለም፣ 59×509 ነው። ሁለቱም ግን ዝርዝሩ ላይ አልነበሩም፣ ክርክሩም በዚህ ያሸንፋል። ዝርዝራችሁን የቱንም ያህል ብታስረዝሙት ያው ነው የሚሆነው።

እስካሁን የታወቀው ትልቁ ብቸኛ ቁጥር በጥቅምት 2024 በፈረንጆቹ ይፋ የሆነው ነው፣ 136,279,841 ሁለቶችን አባዝቶ 1 በመቀነስ የሚገኝ። 41,024,320 አሃዞች አሉት። ኢንተርኔት ላይ ምስጢር የሚጠበቅበት አንዱ መንገድም ከዚሁ የመጣ ነው። ሁለት ትልልቅ ብቸኛ ቁጥሮችን ማባዛት ለኮምፒውተር ቀላል ነው፣ ብዜቱን መልሶ መመንዘር ግን እጅግ ከባድ።

ልጁ ብቻውን እንዲሠራ ሦስት የመልኮ ቁጥሮች ልስጣችሁ፦ 74140፣ 74148 እና 74165። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። መጀመሪያ የመጨረሻውን አሃዝ ይይ፣ ከዚያ አሃዞቹን ይደምር፣ ከዚያ በ7፣ በ11፣ በ13 እያለ ይውጣ፣ በየደረጃው የቀረው ቁጥር የት ላይ እንደሚያቆመው ያስላ። ሲጨርስ ከዚህ ጋር ያስተያይ። 74140 ማለት 2×2×5×11×337 ነው። 74148 ማለት 2×2×3×37×167። 74165 ደግሞ 5×7×13×163።